ሪላክሰር የተቀባ ጠጉር ወደ ተፈጥሮው ስለሚመለስበት መንገድ፤ በደባርቅና በዳባት አካባቢ

የዚህ ጽሑፍ አሳብ፣ ሪላክሰር በሚባለው መድኃኒት ሲዘረጋ የቆየ ጠጉር ወደ ተፈጥሮ መልኩ እንዴት እንደሚመለስ፣ ይልቁንም በደባርቅ፣ በዳባትና በስሜን ተራሮች ግርጌ ባሉት ቀበሌዎች ይህን ማድረግ በትልቅ ከተማ ከማድረግ ስለ ምን እንደሚከብድ ማስረዳት ነው። ነገሩ ለአንዳንድ አንባቢ የሴቶች ጨዋታ መስሎ ሊታየው ይችላል። እኛም ለዚህ መጽሔት የሚበቃ አርእስት መሆኑን የተረዳነው ዘግይተን ነው፤ ያስረዳንም በዳባት ያየነው አንድ ነገር ነው።

ባለፈው ዓመት በገና ዕረፍት ከእኛ ጋር የምትማር አንዲት የዳባት ልጅ፣ ሪላክሰር የነካውን ጠጉሯን ሁሉ ጎንደር ላይ አስቆርጣ፣ ሁለት ጣት የማይሞላ ጠጉር ይዛ በማለዳ መኪና ወደ ቤተ ሰቦቿ ሄደች። እኛም በእንግድነት ተከትለናት ነበር። ከጎንደር እስከ ዳባት 75 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ብርድ ስለ ነበረ ነጠላዋን ተከናንባ ተቀምጣ ነበርና በመንገድ ራሷን ያየ ሰው አልነበረም። ቤት ስንደርስ ግን አያቷን ለመሳም ጎንበስ ስትል ነጠላው ወረደ። አያትየው አልሳሟትም። ደረታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ «ማን ሞተብኝ? ንገሪኝ ልጄ፣ ማንን ቀብራችሁ ነው የመጣችሁ?» እያሉ ይጮኹ ጀመር። ጎረቤትም ተሰበሰበ። በማለዳ መምጣታችን፣ ከማያውቁት እንግዳ ጋር መምጣቷ፣ የጠጉሩም መቆረጥ፣ ሦስቱ ተደምረው መርዶ መሰሏቸው። ማንም እንዳልሞተ ለማስረዳት ግማሽ ሰዓት ያህል ደከምን፤ አያትየው ያመኑት ልጃቸው፣ ማለት የልጅቷ አባት፣ ከሥራ ቦታቸው በስልክ ድምፃቸውን ካሰሙ በኋላ ነው።

ይህ የአንዲት አሮጊት ድንጋጤ ብቻ አይደለም። በዚያ አገር ባሏ፣ ልጇ ወይም ወንድሟ የሞተባት ሴት ጠጉሯን መላጨቷ ወይም መቆረጧ የቆየ ልማድ ነው። የምትመነኩስም ሴት ተላጭታ ቆብ ትደፋለች። ስለዚህ ራሷን ያሳጠረች ሴት ስትታይ ወይ ሐዘንተኛ፣ ወይ መነኵሲት፣ ወይ የታመመች ትሆናለች እንጂ አራተኛ ምክንያት ለማንም አይመጣለትም። በዳባት ወረዳ በጭና ተክለ ሃይማኖት በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ በጦርነቱ ሰላማዊ ሰዎች ተገድለዋል፤ በደባርቅም በዚያው ዘመን ብዙ ተፈናቃይ ተጠልሎ ነበር። ይህን ያየ አገር የተቆረጠ ጠጉር ሲያይ መጀመሪያ ስለ ሞት ቢያስብ የሚገርም አይደለም።

እንግዲህ ልጅቷ ይህን ልማድ እያወቀች ስለ ምን ቆረጠችው? መልሱ የሚገኘው ሪላክሰር በጠጉር ላይ ምን እንደሚሠራ በማወቅ ነው።

የሰው ጠጉር ኬራቲን ከሚባል ፕሮቲን የተሠራ ነው። በኬራቲን ውስጥ ጎን ለጎን የተዘረጉት ሰንሰለቶች በየቦታው በድኝ፣ ማለት በሰልፈር፣ ድልድይ ተያይዘዋል፤ ይህን ድልድይ የያዘው ክፍል ሲስቲን ይባላል። ጠጉር ከርዳዳ የሚሆነው የሚበቅልበት ጉድጓድ ጠማማ በመሆኑ ሲሆን፣ ያን ጠማማነት አጽንቶ የሚያቆየው ይልቁንም ይህ የድኝ ድልድይ ነው። ጠጉር በውኃ ሲርስ ወይም በፒያስትራ ሲተኮስ የሚላቀቀው ሌላ ደካማ ማያያዣ፣ የሃይድሮጂን ማያያዣ የሚባለው ነው። ስለዚህ በፒያስትራ የተዘረጋ ጠጉር ዝናብ ሲያገኘው ተመልሶ ይጠቀለላል። ሪላክሰር ግን የድኙን ድልድይ ራሱን ይሰብራል። አንደኛው ዐይነት ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ያለበት ነው፤ ይኸውም ሳሙና የሚሠራበትና የተዘጋ ቱቦ የሚከፈትበት ኮስቲክ ሶዳ ነው። ሁለተኛው «ኖ ላይ» ተብሎ የሚሸጠው ሲሆን፣ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ያለበት ቅባት ጓኒዲን ካርቦኔት ካለበት ፈሳሽ ጋር ሲደባለቅ ጓኒዲን ሃይድሮክሳይድ ይፈጥራል። ብዙ ሰው ይህን ሁለተኛውን ለዘብ ያለ ነው ይለዋል፤ ቆዳን ማቃጠሉ ጥቂት ያነሰ ቢሆንም በጠጉሩ ላይ የሚሠራው ሥራ ግን አንድ ነው። ሲስቲን ከሁለቱ የድኝ አቶሞች አንዱን አጥቶ ላንቲዮኒን ወደሚባል ነገር ይለወጣል፤ ላንቲዮኒንም ወደ ሲስቲን አይመለስም።

በዚህ ላይ ከቆዳ በላይ ያለው ጠጉር በድን መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። ደም አይደርሰውም፤ ራሱንም አይጠግንም። ስለዚህ «ሪላክሰርን ያጠፋል» እየተባለ የሚሸጥ ቅባት ቢኖር ገንዘብ ከማስወጣት በቀር የሚሠራው ሥራ የለም። በልማድ «ወደ ተፈጥሮው መመለስ» እንላለን እንጂ የሚመለስ ጠጉር የለም፤ አዲስ ከሥር ይበቅላል፣ አሮጌውም ይቆረጣል። የሰው ጠጉር በወር 1 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ በዓመትም 12 ሳንቲ ሜትር ያህል ያድጋል። ከርዳዳ ጠጉር ተጠቅልሎ ስለሚቀመጥ ይህ 12 ሳንቲ ሜትር ለዐይን ግማሹን እንኳ አይመስልም፤ ብዙ ልጆች «ጠጉሬ ማደግ አቆመ» ብለው ተስፋ የሚቆርጡትም ስለዚህ ነው። አንድ ዘለላ ይዞ ስቦ መለካት ይሻላል።

ከዚህ የተነሣ ሪላክሰር ለተወች ሴት ሁለት መንገድ ብቻ አላት። አንደኛው የዳባቷ ልጅ እንዳደረገችው የተዘረጋውን በአንድ ቀን አስወግዶ ከአጭሩ መጀመር ነው። ሁለተኛው የተዘረጋውን በራስ ላይ እንዳለ ትቶ፣ አዲሱ ከሥር ሲያድግ ጫፉን በየጊዜው ጥቂት ጥቂት መቁረጥ ነው። የመጀመሪያው ለጠጉሩ ጤና ያለ ጥርጥር የተሻለ ነው። በአዲስ አበባ ይህን ያደረገች ሴት «ናቹራል ሆነች» ይሏታል፤ ጓደኞቿም ያበረታቷታል። ከሊማሊሞ ወዲህ ባሉት የገጠር ቤቶች ግን የሚከተለውን ከላይ ተርከናል።

እኛ ራሳችን በዳባት ያየነውን ካየን በኋላ ሁለተኛውን መንገድ መርጠናል፤ ፍርሃት ነው የሚሉን አሉ፣ አንክድም። የዚህ መንገድ ችግር ሁለት ዐይነት ጠጉር በአንድ ራስ ላይ መኖሩ ነው። ከርዳዳው አዲስ ጠጉርና ሉጫው አሮጌ ጠጉር የሚገናኙበት ስፍራ ከሁሉ ይልቅ ደካማ ነው፤ ማበጠሪያ ሲሳብ እዚያ ላይ ይበጠሳል። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,850 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ከተማ ነው፤ በበጋ አየሩ ደረቅ፣ ፀሐዩ ብርቱ፣ ሌሊቱም ብርዳም ነው። በመድኃኒት የሳሳ ጠጉር በእንዲህ ያለ አየር በቶሎ ይደርቃል። በመጀመሪያዎቹ አራት ወራት ጧት ጧት በማበጠሪያችን ላይ የምናገኘውን ጠጉር እያየን፣ ይህ አኳኋን ከቀጠለ ያለ መቀስ ወደ መጀመሪያው መንገድ መግባታችን ነው ብለን ነበር።

መፍትሔውን የነገሩን ከማንም በፊት የደነገጡት እኒያው አያት ናቸው። በዚያው የገና ዕረፍት ማታ ቡና ሲፈላ፣ ድንጋጤያቸው ከበረደ በኋላ፣ የሁለታችንን ራስ እያገላበጡ አዩና፣ «እኔስ ሳዱላ ሳለሁ አናቴን ተላጭቼ አልነበረም የተዳርሁ? መሐሉ ሲበቅል አጭር፣ ዳሩ ረጅም፤ እያጣመሩ ይጎነጉኑልን ነበር እኮ» አሉ።

ይህን ንግግር ለማያውቀው አንባቢ ማብራራት ይገባል። በቀድሞው ልማድ ወንድ ልጅ ቁንጮ፣ ሴት ልጅ ጋሜ ትቆረጥ ነበር። ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ያላገባች ልጅም መሐል አናቷ ተላጭቶ ዙሪያው ይቀርላት ነበር፤ ሳዱላ የሚባለው የጠጉሩ ዐይነትም ልጅቷም ናት። ካገባች በኋላ አናቷ እንዲያድግ ይተዋል፤ እስኪያድግ ድረስ ያለውንም ጊዜ በሹሩባ ታሳልፈዋለች። እንግዲህ እነዚህ እናቶች በአንድ ራስ ላይ ሁለት ርዝመት ያለውን ጠጉር እንዴት እንደሚያሳድሩ ከእኛ በፊት ያውቁ ነበር ማለት ነው። እኛ ስለ ናቹራል ጠጉር የሚናገሩ የውጭ አገር ምክሮችን ስንፈልግ፣ ዕውቀቱ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጦ ቡና ይወቅጥ ነበር። ደግሞም ከዚህ የምንረዳው፣ በዚህ አገር «የተፈጥሮ ጠጉር» ሲባል እጅ ያልነካው ጠጉር ማለት ሆኖ አለማወቁን ነው፤ ሲላጭ፣ ሲጎነጎን፣ ሲቀባ የኖረ ጠጉር ነው።

ሹሩባው የሚጠቅመው በዚህ ነው። አዲሱና አሮጌው ጠጉር አንድ ላይ ሲጎነጎን የሚገናኙበት ደካማ ስፍራ በየቀኑ ከማበጠሪያ ይድናል፤ የርዝመታቸውም ልዩነት ይሸፈናል። አያትየው ጠጉሩን በውኃ አርሰው በጣታቸው ከፈቱ በኋላ፣ በወስፌ ጫፍ መስመር እያወጡ ነው የሠሩን። ሉጫው ጫፍ ከርዳዳ ስላልሆነ ራሱን አይዝም፤ እየተፈታ ያስቸግራል፤ እሳቸውም በቀጭን ክር አሠሩት። በመጀመሪያ ጊዜ ቀጫጭን ሹሩባ ከመሠራት አልባሶ፣ ማለት ወፍራም ወፍራሙን፣ መሠራት ይሻላል፤ የሚሳበው ጠጉር ብዙ ስለሚሆን ክብደቱን ይካፈላል።

ነገር ግን በአንድ ነገር ከእናቶቻችን ጋር አልተስማማንም። ሹሩባ ካልጠበቀ አያምርም ይላሉ፤ የተሠራሽ ለታ ራስሽን ካላመመሽ አልተሠራሽም የሚሉም አሉ። ይህ ስሕተት ነው። ጠጉር ሳያቋርጥ ጠብቆ ሲሳብ ሥሩ ይጎዳል፤ መጀመሪያ በግንባርና በጆሮ ግንድ ዳር ያለው ይሳሳል፣ ሳይታረም ብዙ ዓመት ከቆየም ተመልሶ አይበቅልም። በሪላክሰር የደከመ ጠጉር ሲሆን ደግሞ ጉዳቱ ይፈጥናል። በገበያ ቀን በደባርቅ ጥቂት ቆሞ ለሚያይ ሰው፣ ግንባራቸው ዳር የተመለጠ ሴቶችን ማየት ብርቅ አይደለም፤ እነዚህም ሁሉ ሪላክሰር የተቀቡ አይደሉም። ስለዚህ ላላ ብሎ መሠራት፣ ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላም ፈትቶ ጠጉሩን ጥቂት ቀን ማሳረፍ ያስፈልጋል። ማታም ሻሽ አስሮ መተኛት የትራሱን ፍትጊያ ያስቀራል።

ስለ ቅቤ ብዙ ክርክር አለ። ከአደስ ጋር የተለወሰ ለጋ ቅቤ የስሜን ሴት ጠጉር የቆየ ምግብ ነው ይባላል። በእውነቱ ግን ቅቤ ጠጉርን አይመግብም፤ ጠጉር በድን ነውና የሚመገብ ነገር አይደለም። ቅቤ የሚሠራው ሥራ በጠጉሩ ውስጥ ያለው እርጥበት እንዳይወጣ መክደን ነው። ስለዚህ በደረቅ ጠጉር ላይ ከተቀባ የሚከድነው ድርቀቱን ነው፤ ጠጉሩ ከታጠበ በኋላ ውኃው ሳይደርቅ ጥቂቱን መቀባት ግን በእንደ ደባርቅ ያለ አየር በጣም ይጠቅማል። በብዛት ተቀብቶ ሳይታጠብ ሲቆይ ደግሞ ፎሮፎር ያመጣል፤ በራስ ቆዳ ላይ የሚኖር እርሾ መሰል ተሕዋስ በቅባት ስለሚመገብ ነው። በትምህርት ክፍል ውስጥ ስላለው ሽታ ብዙ መናገር አያሻም፤ ከአጠገባችን የተቀመጡ ሁለት ወንዶች ልጆች አንድ ቀን ወንበር ሲለውጡ አይተናል። ከዚያ ወዲህ በትምህርት ጊዜ የተቀቀለ የተልባ ልጋግ፣ በዕረፍት ጊዜ ቅቤ እንጠቀማለን። ተልባ በደጋው ብዙ ነው፤ ልጋጉ ከርዳዳውን ጠጉር ሰብስቦ ይይዛል፤ ሽታም የለውም።

ወደ ጠጉር ቤት የምትሄድ ልጅ ሌላ ነገር ይጠብቃታል። ሪላክሰር ትቻለሁ ስትል «እንግዲያስ ኬራቲን ትሪትመንት እንሥራልሽ» ይሏታል። ስሙ ጠጉሩ ራሱ ከተሠራበት ፕሮቲን የተወሰደ ስለ ሆነ ደግ ነገር ይመስላል። ዳሩ ግን ከእነዚህ ቅባቶች ብዙዎቹ በፒያስትራ ሲሞቁ ፎርማልዲሃይድ የሚባለውን ጋዝ ያወጣሉ፤ ይህ ጋዝ ዐይንና ጉሮሮ ያቃጥላል፣ ካንሰር ከሚያመጡት ነገሮችም የተቈጠረ ነው። የጠጉር ሠሪዋም ሳንባ ከደንበኛዋ ይልቅ ይጎዳል፤ ቀኑን ሙሉ እዚያው ናትና።

ስለ ሪላክሰርም ራሱ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ አንድ ጥናት አለ። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ተመራማሪዎች 33,497 ሴቶችን ወደ 11 ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ተከታትለው፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ4 ጊዜ በላይ ጠጉር መዘርጊያ የተጠቀሙት በማሕፀን ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ፈጽሞ ካልተጠቀሙት ከእጥፍ በላይ ሆኖ አግኝተውታል። እስከ 70 ዓመት ዕድሜ ድረስ ካልተጠቀሙት ከመቶ 1.64፣ አዘውትረው ከተጠቀሙት ግን ከመቶ 4.05 እንደሚያዙ ገምተዋል። ጥናቱ የሁለቱን ዝምድና ያሳያል እንጂ ምክንያቱ መድኃኒቱ መሆኑን አያረጋግጥም፤ የኢትዮጵያን ሴቶችም ለይቶ አላጠናም። ሆኖም አዲስ የበቀለውን በየ6 ወይም በየ8 ሳምንቱ ማስቀባት የተለመደ ስለ ሆነ፣ አዘውትራ የምትቀባ ሴት በዓመት ከ4 ጊዜ ማለፏን አንባቢ ራሱ ሊያሰላ ይችላል።

አሁን አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ መጀመሪያውን ስለ ምን ተቀባነው? ይህ መድኃኒት የእኛ አገር አይደለም። ጆርጅ ጆንሰን የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1954 በቺካጎ ኩባንያ አቋቁሞ መጀመሪያ ለወንዶች መሸጥ ጀመረ፤ በኋላም ለሴቶች የሚሆን ተሠራ። በዚያ አገር ከርዳዳ ጠጉር የባርነት ዘመን ንቀት ያረፈበት ስለ ነበረ ሰዎች ለምን እንደ ገዙት ይገባናል። በእኛ አገር ግን ነጭ ጌታ ሳይኖር «ሉጫ»ና «ዞማ» የሙገሳ፣ «ከርዳዳ» የስድብ ቃል ሆኖ ቆይቷል። እኛም በጥር ሠርግ ሚዜ ስንሆን ነው መጀመሪያ የተቀባነው፤ ያስገደደን ማንም አልነበረም፣ የሚዜዎች ሁሉ ጠጉር በፎቶግራፍ አንድ ዐይነት እንዲሆን ብለን ነው። መድኃኒቱ ከልኩ በላይ ቆይቶ የቀኝ ጆሯችንን በስተኋላ አቃጥሎናል፤ ጠባሳው አሁንም አለ።

ሆኖም ይህ አገር ከርዳዳ ጠጉርን ሁልጊዜ አልናቀም። ዐፄ ቴዎድሮስ በየካቲት 1847 ዓ.ም. የነገሡት እዚሁ በስሜን፣ ደጃዝማች ውቤ ባሠሩት በደረስጌ ማርያም ነው፤ ሹሩባቸውንም የማያውቅ ሕፃን የለም። በ1860 ዓ.ም. በመቅደላ ሲሞቱ ከራሳቸው የተቆረጠው ጠጉር ወደ እንግሊዝ አገር ተወስዶ ከ151 ዓመት በኋላ፣ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ነው የተመለሰው። በጠላት ወረራ ዘመን የነበሩ አርበኞችም ጎፈሬያቸውን አሳድገው በዱር ኖረዋል። ይህን ለዳባቷ አያት ስናነሣባቸው፣ «እሱማ ለወንድ ነው፤ ሴት ግን በወግ ትሠራ» ብለው ዘጉን። መልስ አላገኘንላቸውም።

ጠጉሯን የቆረጠችው ጓደኛችን አሁን ቀጫጭን ሹሩባ ለመሠራት የሚበቃ ጠጉር አብቅላለች። በፋሲካ አያቷ ራሳቸው ሠርተዋታል፤ አላሉላላትም፣ ሁለት ቀን ራሷን አመማት። ሌላ ልጅ መቁረጥ ብትመርጥ አስቀድማ ወደ ቤቷ ደውላ፣ ሁሉ ደኅና መሆኑንና ጠጉሯን በፈቃዷ መቁረጧን ብትናገር መልካም ነው። የእኛ አዲሱ ጠጉር በ14 ወር ውስጥ 14 ሳንቲ ሜትር ሆኗል፤ ከበታቹ 6 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ሉጫ ቀርቶታል። ይህንም ከመስቀል በኋላ ለመቁረጥ አስበናል፤ ያን ጊዜ ወደ ዳባት የምንሄደው ግን ከሰዓት በኋላ በሚነሣው መኪና ነው።